ሁላችንም የዘጋንበት ሐሙስ

ይህን ታሪክ በአፌ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ባወራሁት ቁጥር አንዱ ይነሣና «እትዬ ሙሉ፣ ይሄማ መጻፍ አለበት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከመጻፍ መስፋት ይቀለኛል። ቢሆንም ሌላ ሰው አሳስቶ ከሚጽፈው ራሴ ልሞክረው ብዬ ተቀምጫለሁ። እያነበባችሁ የተቆጣሁባችሁ ከመሰላችሁ አትቀየሙኝ፤ ደሴ ሳለሁም ምላሴ አያርፍም ነበር፣ ሚኒሶታም መጥቼ አላረፈም።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ብሩክሊን ፓርክ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ፣ አንድ አሮጌ ሞል ውስጥ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ነበረኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ወፍረው ቀሚሳቸው እምቢ ያላቸውን ሚዜዎች ከጭንቅ አወጣለሁ። ከዚያ በፊት ለዓመታት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ወገቤ ሲያስቸግረኝ ነው ወደ ስፌቱ የዞርኩት።

ሞሉ በደህናው ዘመኑ የፈረንጅ ሞል ነበር። ትልቅ የልብስ መደብር፣ የጫማ ቤት፣ ሲኒማ ሳይቀር ነበረው ይባላል። ከዚያ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ሌላ አዲስ ሞል ሲከፈት ሰዉ ወደዚያ ነጎደ። ትልቁ መደብር ሲወጣ ትንንሾቹ ተከታትለው ወጡ። መስኮቱ ጣውላ ተመታበት፣ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፣ የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ተሰንጥቆ ሣር አበቀለ። እኔ አገሩን ስለምደው ያንን ቦታ የማውቀው በመኪና ሳልፍ ፊቴን የማዞርበት ቦታ ሆኖ ነው።

እዚያ መጀመሪያ የገባው ጋሽ ሰይድ ነው። የኮምቦልቻ ሰው፣ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱን ሲያመው ሻንጣና ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። የመጀመሪያውን ክረምት ማሞቂያው ስለማይሠራ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ ሱቁ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሰዎች «ሰይድ፣ እዚህ መቃብር ውስጥ ማን ይመጣልሃል?» ሲሉት፣ «እኔ መጥቻለሁ አይደል? አንድ አልን» ይላቸው ነበር።

እውነትም አንድ ብሎ ጀመረ። ሥጋ ቤቱን ጀማልን አመጣው። ጀማል ፀጉር አስተካካዩን አመጣ። አሸናፊ የሚባል ወጣት ስልክ የሚሸጥና ታክስ የሚሠራ ሱቅ ከፈተ። አንድ ቀን ደግሞ ጋሽ ሰይድ እኔን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ «አንቺ ልጅ፣ የሰው ሽማግሌ ስታገላብጪ ልታረጂ ነው? ነይ መኪናሽን አምጥተሽ እዚህ ትከዪ» አለኝ። የስፌት መኪናዬን ማለቱ ነው። ሄድኩ። ከዚያ ሶማሌዎች መጡ፣ ኦሮሞዎች መጡ፣ ፀጉር የምትሠራ አንዲት ላይቤሪያዊት መጣች። ሣር ያበቀለው መኪና ማቆሚያ እሑድ እሑድ ጥሩንባ የሚነፋፉበት ሆነ።

እድርም አቋቋምን። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ፣ ላይቤሪያዊቷ ሳትቀር። ወንበሮቹና ድስቶቹ ከኔ ሱቅ ጀርባ ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ በምላሴ ምክንያት ሥልጣን ተሰጠኝ፤ ሰው ሲሞት ለሁሉም ስልክ ደዋይዋ እኔ ሆንኩ። «ጥሩንባዋ» ይሉኛል። ደንባችን አጭር ናት፤ ከሞሉ ሰው ሲሞት ሁሉም ይዘጋል፣ ሁሉም ይሄዳል።

በዚያ ዓመት የበረዶው ክረምት ሳይወጣ ከከተማው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። አሸናፊ አነበበልን። አካባቢው ስለሞተ ሞሉን አፍርሶ እንደገና ሕይወት ለመስጠት ታስቧል ይላል።

«እኛ የሞትነው መቼ ነው?» አልኩት።

«እትዬ ሙሉ፣ እኔን ምን ያዩኛል? እኔ አንባቢ ነኝ።»

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። አንድ ባለሙያ ሐሙስ ቀን ይመጣል። ስንት ሱቅ እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው እንደሚገባና እንደሚወጣ አይቶ ይመዘግባል። የሚመጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ቦታው ባዶ ነው ካለ ይፈርሳል፣ እኛም ጓዛችንን ጠቅልለን እንወጣለን። እኔ ከዚያ ሱቅ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም፤ ወደ መጦሪያው ልመለስ ብልም ወገቤ እሺ አይልም።

አንተኛም አልን። አሸናፊ ፊኛ ገዛ። ጀማል ለሐሙስ የሥጋ ቅናሽ አወጀ። እኔ ሥራቸው ያለቀላቸውን ደንበኞች ሁሉ «ሐሙስ ኑና ውሰዱ፣ ከሐሙስ በፊት አልሰጥም» አልኳቸው። ጋሽ ሰይድ ይህን ሁሉ ሽር ጉድ አይቶ እየሳቀ፣ «ሙሽራ የምትመጣ አስመሰላችሁት» ይለን ነበር።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። የጋሽ ሰይድ ልጅ ፋጡማ ናት።

«እትዬ ሙሉ፣ አባዬ...» አለች። «ሱብሂ ሰግዶ እዚያው ቁጭ እንዳለ...»

መጨረስ አቃታት። እኔም እንድትጨርስ አልጠየቅኋትም። ስልኩን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ መብራት ሲያበራ «ጋሽ ሰይድ!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁና ጥሩንባነቴን ጀመርኩ። የደወልኩላቸው ሁሉ የሚሉት አንድ ዓይነት ነበር። መጀመሪያ «ኧረ በስመአብ!» ወይም «ኢና ሊላሂ!»፣ ቀጥሎ ደግሞ «ግን እኮ ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰበሰብን። ብርዱ ፊት ይቆርጣል። የአሸናፊ ፊኛዎች በሩ ላይ ታስረው ይንቀጠቀጣሉ።

«ሊስን ሚ» አለ አሸናፊ። «እኔም አዝኛለሁ። ግን ሰውየው ዛሬ ብቻ ነው የሚመጣው። ቱ አወርስ ኦፕን እናድርግ፣ እሱ መጥቶ ይሂድ፣ ከዚያ ክሎዝ አድርገን ሁላችንም እንሄዳለን።»

«ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ዛሬ ቀትር ላይ ነው» አለ ጀማል። «በኛ ሬሳ አያድርም።»

«እሺ ግማሻችን እንቅር፣ ግማሻችን እንሂድ። ጋሽ ሰይድ ራሱ ቢኖር ክፈቱ ይል ነበር እኮ!»

ይህ ልቤን ነካው፤ ምክንያቱም ሳይል አይቀርም ነበር። ጋሽ ሰይድ ለሌላው እንጂ ለራሱ ምንም የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ወደ መሬት ማየት ጀመረ። እኔ ሱቄን አየሁት። መስኮቱ ላይ በገዛ እጄ የሰፋሁት መጋረጃ አለ። ሆዴ ፈራ፣ አልዋሽም። ቢሆንም አፌ ከሆዴ ቀደመ።

«ጥሩ፣ ግማሹ ይቅር» አልኩ። «ማን ነው የሚቀረው? እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም።

«አሸናፊ፣ አንተ ትቀራለህ?»

አሸናፊ ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ዞረ። ዓይኑ ቀላ። «ሊዙን ኮሳይን አድርጎ፣ ለሱቁ ኪራይ ዋስ ሆኖ የፈረመልኝ እሱ ነው» አለ ድምፁ እየተሰበረ። «ማንም ሳያምነኝ። እኔ እንዴት ነው የምቀረው?» ብሎ ሄደና ፊኛዎቹን አንድ በአንድ በቁልፉ እያፈነዳ በሩን ቆለፈ። ከሁላችንም ቀድሞ የዘጋው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። እያንዳንዳችን «ለቅሶ ሄደናል» የሚል ወረቀት ጽፈን በየበሩ ለጠፍን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ጻፍን። ይህን ያህል ሰው ቆሞ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ያለ አንድም አልነበረም!

የለቅሶው ቤት ከሞሉ ራቅ ያለች ኢገን የምትባል ከተማ ነበር፣ ፋጡማ የምትኖርበት አፓርትመንት። ወንዶቹ ሬሳውን አጥበው ለመገነዝ ወደ መስጊድ ሄዱ፣ እኛ ሴቶቹ ቤቱን ያዝን። ሰዉ ሲጎርፍ መቀመጫ አለቀ። ለካስ በግርግሩ ማንም የእድሩን ወንበር አልያዘም። የሞሉ ታክሲ ነጂ ተስፋዬ፣ «ይምጡ እትዬ ሙሉ፣ ላድርስዎት» ብሎ እስከ ብሩክሊን ፓርክ ነዳኝ። ወንበሩንና ድስቱን እያወጣን ደጅ ስንደረድር ሰዓቱን አየና ተጨነቀ። ቀብሩ ሊያመልጠው ነው።

«ሂድ» አልኩት። «ቀብረህ ተመልሰህ ውሰደኝ።»

ሄደ። እኔ በዚያ ብርድ፣ ከእድር ወንበር ክምር አጠገብ፣ በሰፊው ባዶ መኪና ማቆሚያ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አንድም መኪና የለም። አንድም ሰው የለም። እውነቴን ነው፣ ሞሉን እንደዚያ ሆኖ ሳየው ጋሽ ሰይድ ከመግባቱ በፊት የነበረውን መሰለኝ፤ ፈራሁ።

በዚህ መሀል አንድ ትልቅ የኪራይ መኪና ገብቶ ቆመ። ረጅም፣ ሽበት የጀማመረው ነጭ ሰውዬ ወረደ። ካሜራ አንገቱ ላይ አለ። የጀማልን በር ፎቶ አነሣ፣ የፀጉር ቤቱን በር አነሣ፣ የአሸናፊን በር ከነተሰቀለው የፊኛ ቁራጭ አነሣ። ወረቀቶቻችንንም ጠጋ እያለ አንድ በአንድ አነሣ። እኔ እንደ ወንበሩ ቆሜ አየዋለሁ።

ሲያየኝ ደነገጠ። ቀረብ ብሎ፣ «ይቅርታ እመቤት፣ እነዚህ ወረቀቶች የፍርድ ቤት ናቸው? ሁሉንም አስወጧቸው?» አለኝ። አነጋገሩ የአሜሪካ አይደለም።

«ማንም አላስወጣንም» አልኩት። «ለቅሶ ሄደን ነው።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

ራሱን ነቀነቀ። እንደማያምነኝ ገባኝ። ስሙ ኮሊን እንደሆነ ነገረኝ፤ ከተማው የቀጠረው ባለሙያ ነው። «በጣም አዝናለሁ» አለ። «ግን እኔ የምመዘግበው በዕለቱ ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ...» ብሎ በእጁ ባዶውን አሳየኝ።

«ያየኸውን ጻፍ» አልኩት። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ አንተ እያልኩት ነበር።

ወዲያው አልሄደም። እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ። «የርስዎ ሱቅ የትኛው ነው?»

አሳየሁት።

«እንግዲህ እርስዎ እዚህ ነዎት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሩን ከፍተው መብራቱን ቢያበሩ፣ ቢያንስ የርስዎን ክፍት ነው ብዬ ልመዘግብ እችላለሁ። ከምንም ይሻላል። ምናልባት ለርስዎ ይጠቅማል።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይህን ያለው አዝኖልኝ ነው፤ ያ ነው ያናደደኝም። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነው። በሩ ጥቂት እርምጃ ነው። ማንም አያየኝም። ሱቄ ልትተርፍ ትችላለች። ይህ ሁሉ በአእምሮዬ አለፈ፤ ከብረት የተሠራሁ አይደለሁም። ከዚያ ጋሽ ሰይድ በዚያች ሰዓት በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሰዎች ትከሻ ላይ እንዳለ ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ እዚህ መብራት ላበራ ነው።

«አልከፍትም» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ባዶው ግድግዳ መለሰው። «ዛሬ ሱቄ ዝግ ነው። የሱም ዝግ ነው፣ የሷም ዝግ ነው። ሁሉንም ዝግ ብለህ ጻፍ! አንድ በር ክፍት ነው ብለህ እንዳትጽፍ፤ ታሰድበኛለህ!»

ሰውየው በየበሩ የተለጠፉትን ወረቀቶች መልሶ አየ። «ታዲያ ይህን ያህል ሰው የት ነው ያለው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ማየት ትፈልጋለህ?»

«ሥራዬ እዚህ ቆሞ መቁጠር ነው።»

«የምትቆጥረው ነገር እዚህ የለም። ያ መኪናህ ሰፊ ነው፣ ይህ ወንበር ደግሞ ለቀስተኛ እየጠበቀው ነው። ጫን!»

ዛሬም ሳስበው እንዴት እሺ እንዳለኝ አላውቅም። አንድ ወንበር አነሣሁና መኪናው ውስጥ ወረወርኩ። ቆሞ አየኝ። ሁለተኛውን ሳነሣ ወገቤን ያዝ አደረገኝና አቃሰትኩ። ይኼኔ ካሜራውን ወደ ጀርባው አዞረና መሸከም ጀመረ። ለተስፋዬ ደውዬ እንዳይመጣ ነገርኩት። «በማን መኪና ነው የሚመጡት?» ቢለኝ፣ «ሊያፈርሰን በመጣው» አልኩት። ቀልድ መሰለው።

መንገዱ ረጅም ነው። የፎርት ስኔሊንግን ድልድይ ስንሻገር ከታች ወንዙ ገና በረዶ ነው። ኮሊን ወደዚያ አየት አድርጎ የባሕር ዳርቻ ልጅ እንደሆነ ነገረኝ። እንግሊዝ አገር፣ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው የተወለደው። እናቱ እንግዳ ማረፊያ ቤት ነበራት። በበጋ ፋብሪካ ሠራተኛው ሁሉ ልጆቹን ይዞ በባቡር ይመጣል፣ ባሕሩ ዳር ከሰዉ ብዛት አሸዋው አይታይም፣ እሱና ወንድሞቹ አልጋቸውን ለእንግዳ ለቀው ኩሽና ይተኛሉ። ከዚያ የአውሮፕላን ዋጋ ወረደና ሰዉ ፀሐይ ወደሚበዛበት ወደ ስፔን መሄድ ጀመረ። ማረፊያ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ መዝናኛው ዛገ፣ መስኮቶቹ ጣውላ ተመቱ።

«እንደኛ ሞል» አልኩት።

«እንደናንተ ሞል። ግን አልሞተም ነበር። እናቴ በጋ በጋ አሁንም ታከራይ ነበር። የቆዩ ደንበኞች ነበሯት። ከዚያ ባለሙያዎች መጡ፤ ከተማዋን እናድሳለን ብለው። የመጡት በየካቲት ነው።»

«እና?»

«የካቲት እኛ ዘንድ ብርድ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ማን ይሄዳል? ዝናብና ንፋስ ብቻ ነው። እናቴም በየካቲት ዘግታ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ባዶ መንገድ አዩ፣ ባዶ ብለው ጻፉ። መንገዱን ሙሉ አፈረሱት።»

«ከዚያስ ምን ሠሩበት?»

«ቆንጆ ነገር ሠሩ» አለ። «እውነት ቆንጆ ነው። የሥዕል ማሳያ አለ፣ ውድ ምግብ ቤት አለ። ጋዜጣ ላይ ከተማዋ ዳነች ብለው ይጽፋሉ። እኔ ስሄድ ግን የማውቀው ሰው የለም። እናቴ ከባሕሩ ርቃ አንዲት ክፍል ውስጥ ሞተች።»

አዘንኩለት። ተናደድኩበትም። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ ለካ።

«ታዲያ ምን ብለህ ነው አንተ ራስህ ይህን ሥራ የያዝከው?»

«እኔ ከሆንኩ በደንብ እሠራዋለሁ ብዬ ነበር» አለ።

«ዛሬ በኛ የካቲት ነው የመጣኸው» አልኩት። መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ኢገን ስንደርስ የአፓርትመንቱ ግቢ ሞልቶ መኪናው እስከ መንገዱ ተደርድሯል። ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰዋል። ወንበሩን ይዘን ገባን። ኮሊን በሩ ላይ ቆሞ «ምን ልበል?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

«ምንም አትበል። ጫማህን አውልቅና ቁጭ በል።»

አሸናፊ ካሜራውን ሲያይ ማን እንደሆነ ገባው። ወደ ማድቤት ጠራኝ። «እትዬ ሙሉ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ያንን ሰውዬ ለቅሶ ቤት ያመጡታል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ይበል።»

የጋሽ ሰይድ ታላቅ ወንድም ጋሽ ይማም ከሳሎኑ ጥግ ሰምተው ኖሮ፣ «ማን ነው እንግዳው?» አሉ። እኔም አልሸሸግሁም።

«ጋሽ ይማም፣ ሞሉን ሊያፈርስ የመጣ ሰውዬ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደሱ ዞረ። ኮሊን አማርኛ ባይገባውም ዓይን ይገባዋል፤ ፊቱ ቀላ። ጋሽ ይማም ወንበሮቹን አዩ።

«ወንበሩን ያመጣው እሱ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለቅሶ ደራሽ ነው። ንፍሮ ስጡት» አሉ።

ሰጠነው። እየቆረጠመ ተቀመጠ። እኔ ግን ሰውየውን ያመጣሁት ንፍሮ ላበላው አልነበረም። አጠገቡ ሄድኩና እንግሊዝኛዬን ሰብሰብ አድርጌ በሳሎኑ ዙሪያ መጠቆም ጀመርኩ። «ያ፣ ዓይኑን በሻሽ የጠረገው፣ መጀመሪያ ያነሣኸው በር ነው፤ ሥጋ ቤት። ከሱ ቀጥሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሁለተኛው በርህ። ያቺ ጥቁር ሻርፕ የለበሰችው ላይቤሪያዊት ከጥግ ያለው በር ናት። ያ የተቆጣብህ ልጅ ፊኛ ያለበት በር ነው። የሟቹ በር ደግሞ መካከል ያለው ነው፤ እሱን ዛሬ ቀበርነው።»

ሰዎቹ ስለነሱ እንደማወራ ሲያውቁ አንድ በአንድ እየተነሡ እጁን ጨበጡት። ጀማል ሱቁ የት እንደሆነ ራሱ ነገረው። ላይቤሪያዊቷ «የኔ መስኮት ላይ የሹሩባ ሥዕል አለ፣ አይተኸዋል?» አለችው። አይቶታል። አሸናፊ መጨረሻ ላይ መጣ፤ እጁን ሲጨብጠው ሳያስበው ማልቀስ ጀመረ፣ ኮሊንም እጁን ሳይለቅ ቆመ። ያን ቀን ጠዋት ባዶ ሆኖ ያየው ሞል በሙሉ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኔ ራሴ እንኳ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁላችንንም ሰብስቤ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ብዛታችን አስደነገጠኝ።

ሊሄድ ሲነሣ እስከ ደጅ ሸኘሁት። «ነገ ትከፍታላችሁ?» አለኝ። «የምበረው ነገ ማታ ነው። ነገ ጠዋት ብመለስ ማንም አይከለክለኝም።»

«ሦስት ቀን እንቀመጣለን» አልኩት።

«ሥራችሁ እኮ ነው አደጋ ላይ ያለው!»

«አውቃለሁ። ሦስት ቀን እንቀመጣለን።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን እያዘነ አልለየሁትም። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። እኔም ወደ ቤት ገብቼ የምችለውን ያህል አለቀስኩ። ለጋሽ ሰይድ ነበር፤ ግን ትንሿን ለሱቄም አድርጌ ነበር፣ ምክንያቱም አበቃላት ብዬ ነበር።

እሑድ ከፈትን። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው፣ ለሦስት ቀን ሥጋ ያጣው፣ ልብሱን ያላገኘው ደንበኛ ሁሉ በአንድ ቀን መጣ። ራሴን ማከክ እንኳ አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ኮሊን ገባ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፣ ያለከልካል።

«በረራህስ?» አልኩት።

«ቀየርኩት።» ከዚያ በቁጣ፣ ከልቡ ተቆጥቶ፣ «መኪና ማቆሚያ አጣሁ! ሁለቴ ዞሬ አጣሁ! ማዶ ነዳጅ ማደያው ዘንድ አቁሜ በእግሬ ነው የመጣሁት!» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቁጣ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከተማው ለኮሊን የፈቀደለት ሐሙስን ብቻ ስለነበር ሐሙስን እንዳለ ዝግ ብሎ አቀረበ። እሑድን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ጨመረበት፣ በስብሰባውም ላይ ተከራከረ። እኛም ሄደን ተከራከርን፤ እኔማ ከመድረኩ በግድ ነው ያወረዱኝ። ሙሉ በሙሉ አላሸነፍንም። የድሮው ሲኒማና ትልቁ መደብር ፈረሱ፣ በቦታቸው አፓርትመንት ተሠራ። የኛ ረድፍ ግን ቆመ፣ ጣሪያውም ተጠገነ። አዲሱ ሲመረቅ አንድ ባለሥልጣን ሪባን ቆርጦ «ይህ ቦታ ሞቶ ነበር፣ ዛሬ ተነሣ» ብሎ ሲናገር ከኋላ ሆኜ «አልሞተም ነበር!» ብዬ ጮኽኩ። ባለቤቴ እጅጌዬን ጎተተኝ። ድጋሚ ጮኽኩ።

ከዚያ ሐሙስ በፊት እኔ ሚኒሶታን «ለጊዜው» እያልኩ የምኖርባት ሰው ነበርኩ። ሱቁም ለጊዜው፣ ቤቱም ለጊዜው፣ ወንበሩን እንኳ ደህና አልገዛም ነበር። ሰው የቀበርንበት፣ ለሱ ብለን ያለንን ሁሉ አደጋ ላይ የጣልንበት ቦታ ግን ለጊዜው ሊባል አይችልም። ያን ቀን ቁልፌን ይዤ አልከፍትም ስል ሱቄን የጣልኳት መስሎኝ ነበር። የኔ መሆኗን የማውቀው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው። ዛሬ ሰው «ከየት ነሽ?» ሲለኝ ደሴን ከጠራሁ በኋላ ሳልጠየቅ «ብሩክሊን ፓርክ» እላለሁ፤ አፌን ሞልቼ።

እናንተም የተዘጋ በር አይታችሁ የሰውን ሞት የምትመዘግቡ ባለሙያዎች፣ ሹማምንት፣ መንገደኞችም ብትሆኑ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልለምናችሁ አልኩ እንዴ? ላዛችሁ! በዚያ ስታልፉ የኛን ሞል ከዳር እስከ ዳር ዝግ ሆኖ ካገኛችሁት ሞቱ ብላችሁ እንዳትሄዱ። የሞተው አንድ ሰው ነው። እኛ ልንቀብረው ሄደን ነው።